ግልገሎቼ በተቅማጥ እያለቁብኝ ነው፣ አሳማ የሚያውቅ ሰው ካለ ድረሱልኝ

የቆጋ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። መራዊ አካባቢ አሳማ አረባለሁ። ጎጃም ውስጥ አሳማ ማርባት ከጎረቤት ጋር ምን እንደሚያመጣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ እሱን ለማውራት አይደለም የመጣሁት። ሥራዬ ነው፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ልጆቼ የሚማሩት በዚህ ነው።

ስድስት እናቶች አሉኝ። ሦስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወለዱና 29 ግልገል ታቀፍኩ። እሑድ ማታ ከወላዶቹ አንዷ መኖዋን ተወች፣ አስመለሳትም። ደክሟት ይሆናል ብዬ ተውኳት። ሰኞ ጠዋት ጉረኖውን ስከፍት ሽታው ገፍቶ መለሰኝ። ግልገሎቹ በሙሉ ከጭራቸው በታች ርሰዋል። የለመድኩት ዓይነት ተቅማጥ አይደለም፣ ውሃ ነው፣ ቢጫ ውሃ። የጠቡትን ያስመልሳሉ፣ የሚወጣው እንደ አይብ የረጋ ነው። ከዚያ እናታቸው ጀርባ ላይ ወጥተው ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። እናትየዋ በሆዷ ተኝታ ጡቷን ደብቃለች፣ ወተቷም ነጥፏል።

ሰኞ 4 ሞቱ። ማክሰኞ 9። ትናንት 8። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የቀሩኝ 8 ብቻ ናቸው።

ግራ የገባኝ የትልልቆቹ ነገር ነው። ለገበያ የደረሱትም አስቀመጣቸው፣ ግን በሁለት በሦስት ቀን ተሻላቸው፣ አሁን ይበላሉ። አንድም ትልቅ አሳማ አልሞተብኝም።

የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ምንም ሳይጠይቁ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ሦስት ቀን ወጋሁ። ለውጥ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት ይጠቅም ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ፣ ሕመሙ ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው፣ ከቢሾፍቱ በኩል ሁለት ያልወለዱ ሴት አሳማዎች በአይሱዙ አስመጥቻለሁ። እነሱ ምንም አይመስሉም። ስልኬ ላይ ስፈልግ የአሳማ ኮሮና የሚባል ነገር አነበብኩ። እውነት እንደዚህ ያለ በሽታ አለ? ካለስ የቀሩትን በምን ላድናቸው? ደግሞ ሌሎቹ ሦስት እናቶች ገና አልወለዱም፣ አንዷ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ሁለቱ ገና አንድ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ይቀራቸዋል። እነሱም እንዲህ ሊሆኑብኝ ነው?

ዳሞት (የእንስሳት ሐኪም)

አይዞህ ወንድሜ። 21 ግልገል በሦስት ቀን መቅበር ቀላል አይደለም።

አዎ፣ በሽታው አለ። የአሳማን አንጀት የሚያጠቁ ኮሮና ቫይረሶች አንድ ብቻ አይደሉም። የቆየው ቲጂኢ የሚባለው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1946 ተመዘገበ። ፒኢዲ የሚባለው በ1971 እንግሊዝ ውስጥ ታየ፣ ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1978 ቤልጂየም ውስጥ ነው። ከዚያ ዴልታ የሚባለው አለ። በ2016 እና 2017 ደግሞ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ፣ ከሌሊት ወፍ የመጣ ሌላ ዓይነት ተገኝቶ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ግልገል ጨረሰ። አራቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የጨቅላ እልቂት። የሚለያቸው ፒሲአር የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ግን ከዚህ በፊት ከሁሉም የሚከፋውን እናስወግድ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት አገራችን ገብቶ ያውቃል፣ በፈረንጆቹ ከ2011 እስከ 2014 በነበሩት ወረርሽኞች ተረጋግጧል። እሱ ግን ትልቅ ትንሽ አይልም። ኃይለኛ ትኩሳት አለው፣ ጆሮና የሆድ ሥር ይቀላል፣ ደም ሊቀላቀል ይችላል፣ ትልልቆቹም ይወድቃሉ። ያንተ ትልልቆች ተነስተው እየበሉ ነው። ስለዚህ እሱ አይመስለኝም። ቢሆንም ላቦራቶሪ ስትሄድ መጀመሪያ እሱን እንዲያዩልህ ንገራቸው።

ኢኮላይ የሚባለው ባክቴሪያም ጨቅላ ይገድላል፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የአንዲት እናት ልጆች ላይ ነው፣ በተለይ የመጀመሪያ ወላድ ከሆነች። ትልልቆቹን አብሮ አያስቀምጥም። ያንተ ግን በአንድ ሌሊት ከእናት እስከ ግልገል ጉረኖውን ሁሉ አዳርሷል፣ ትውከትም አለው። ይሄ የቫይረስ አካሄድ ነው።

ትልቁ ተርፎ ትንሹ ለምን ይሞታል ላልከው፣ ባና ዳስሰህ ታውቃለህ አይደል? ጠጉሩ ቆሞ ይሰማሃል። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ እንደዚያ ነው፣ ወተቱንና ውሃውን ወደ ደም የሚያስገባው ያ ጠጉር ነው። ቫይረሱ ያንን ጠጉር ይላጨዋል። ግልገሉ ይጠባል፣ የጠባው ግን የሚያስገባው አጥቶ ከኋላው ይወጣል። ወተት ሆዱ ሞልቶ በረሃብና በጥም ይሞታል። ጡት የጣለ አሳማ የአንጀቱን ገጽ በሁለት በሦስት ቀን መልሶ ያበቅላል። አዲስ የተወለደው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈልጋል። ያን ያህል ቀን ውሃ ሳይዝ የሚቆይ ጨቅላ የለም። ከሰባት ቀን በታች የሆኑት አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ የሚያልቁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ኦክሲውን አቁመው። ቫይረስን አይነካም፣ ብርህን ነው የጨረስከው። የሸጠልህ ሰው ቢያንስ ስንት ቀናቸው ነው፣ ትልልቆቹስ ብሎ ሊጠይቅህ ይገባ ነበር፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ስሰማ ያናድደኛል።

ለቀሩት 8 ያለህ መድኃኒት ውሃና ሙቀት ነው። ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ ግዛ፣ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጥና በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ስጣቸው። ቀንም ሌሊትም። የሚተኙበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ጡቱንም አትከልክላቸው።

ናሙና ደግሞ ዛሬውኑ። የቆየ ሬሳ አይጠቅምም። አሁን የሞተ ግልገል፣ ወይም ሕመሙ ገና የጀመረው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለህ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርገህ ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውሰድ። እዚያ ካልተሠራ ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚላክበትን መንገድ ጠይቃቸው።

ቢሾፍቱ ማዶ

ወንድሜ በጣም አዝናለሁ። እኔም አሳማ ላይ ነኝ፣ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእኛ በኩል ያስመጣሃቸው ምንም አይመስሉም ስላልከው ልንገርህ፣ ትልቅ አሳማ ታሞ ከዳነ በኋላም ቫይረሱን በሰገራው ለሳምንታት ሊያወጣ ይችላል። ደህና መስሎ ይመጣል። እኔ ከውጭ የገባ አሳማ ለብቻው አንድ ወር ሳይቆይ ከቤቴ አላቀላቅልም፣ ይህንን የተማርኩት አንተ ዛሬ ባየኸው ዓይነት መንገድ ነው።

ኦአርኤሱን በጡጦ አታታግላቸው፣ ወደ ሳንባ ይገባል። የድስት ክዳን ገልብጥና ስስ አድርገህ አፍስስበት፣ አፍንጫቸውን አስነካቸው፣ ይልሱታል። ያቃተውን ብቻ በሲሪንጅ፣ መርፌውን አውጥተህ፣ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ አድርግለት። ለሙቀት የጤፍ ጭድ በደንብ ጎዝጉዝ፣ በየቀኑ የረጠበውን ቀይር። መብራት ካለህ አምፖል አውርድላቸው፣ ተደራርበው ከተኙ ቀዝቅዟቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው ከተበታተኑ ሞቋቸዋል፣ ራሳቸው ይነግሩሃል። ከሰል ግን ጉረኖ ውስጥ እንዳታስገባ፣ ጭሱ ይጨርሳቸዋል።

ሌላው፣ ያልወለዱትን በተመለከተ፣ የማውቃቸው ሰዎች የሚያደርጉት ነገር አለ። የታመሙትን ግልገሎች ተቅማጥና አንጀት ከመኖ ጋር ቀላቅለው ላልወለዱት እናቶች ያበላሉ። እናቶቹ ትንሽ አስቀምጧቸው ይድናሉ፣ ከዚያ ሲወልዱ እንገራቸው ላይ መከላከያው ይኖራል። ያስጠላል፣ አውቃለሁ፣ ግን የሚቀጥለውን ወሊድ ያድናል። ዶክተር ምን ይላሉ?

ዳሞት (የእንስሳት ሐኪም)

እህቴ፣ ያልሽው ውጭ አገርም በትልልቅ እርባታዎች ይሠራበታል፣ ሐሳቡም ትክክል ነው። ግልገል ሲወለድ ከእናቱ በደም ያገኘው መከላከያ የለውም። የሚያገኘው ከእንገሩና ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሚጠባው ወተት ነው፣ ወተቱ አንጀቱን እየለበጠ ይጠብቀዋል። እናት ካልታመመች ወይም ካልተከተበች ያ ነገር ወተቷ ውስጥ የለም። ክትባቱ በሌሎች አገሮች አለ፣ እዚህ ገበያ ላይ ግን አይቼ አላውቅም።

ግን እሱ አሁን እንዲያደርገው አልስማማም። ምን እንደያዛቸው ገና አላወቅንም። የአሳማ ትኩሳት ወይም ሌላ ነገር አብሮ ካለ፣ በገዛ እጁ ለቀሩት እናቶች ሁሉ አበላቸው ማለት ነው። ውጤት ሳይመጣ በፍጹም። ሁለተኛ፣ እናቲቱ መከላከያውን ሠርታ ወተቷ ላይ ለማድረስ ቢያንስ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋታል። በሚቀጥለው ሳምንት ለምትወልደው ዛሬ ብታበላት በሽታውን ይዛ ትወልዳለች እንጂ መከላከያውን አይደለም።

ስለዚህ የቆጋ ልጅ፣ ይህችን አንዷን ዛሬ ከዚያ ጉረኖ አውጣት። ራቅ ያለ ቦታ፣ ከብት የምታስርበትም ቢሆን። የሚመግባት ሌላ ሰው ይሁን። ሌላ ሰው ከሌለ ጠዋት መጀመሪያ እሷን አይተህ ነው ወደ ታመሙት የምትሄደው፣ ከታመሙት ወደ እሷ አትመለስም። ጫማውም፣ ባልዲውም፣ አካፋውም የየብቻ። ሁለቱ ወር ከአሥራ አምስት ቀን የሚቀራቸው እዚያው ከነበሩ በሽታው ቀድሞ ደርሷቸዋል ብዬ እገምታለሁ፣ አስቀምጧቸው ነበር?

የቆጋ ልጅ

አዎ ዶክተር፣ ሁለቱንም ማክሰኞ አስቀመጣቸው፣ አሁን ደህና ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የምትወልደው ግን ድሮም ለብቻዋ ከቤቱ ጀርባ ነበረች፣ እስካሁን ምንም የለባትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአሁን በኋላ እሷን ባለቤቴ ናት የምታያት፣ እኔ ወደዚያ አልደርስም።

ማርቆስ በአይዋ

የአገሬ ልጅ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያደግኩት፣ አሁን አሜሪካ አይዋ ነኝ፣ የአሳማ መኪና ሾፌር። ፒኢዲ እዚህ አገር የገባው በ2013 ጸደይ ላይ ነው። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 7 ሚሊዮን ግልገል እንዳለቀ ይነገራል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሾፌሮች ያንን ክረምት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፣ የሞተ ግልገል በጋሪ ነበር የሚወጣው ይላሉ።

እኔ ልነግርህ የምፈልገው ስለ መኪናው ነው። እዚህ በሽታው ከእርባታ ወደ እርባታ ከዞረባቸው መንገዶች ዋናው አሳማ የሚጭነው መኪና ነው፣ አንዱ ማራገፊያው ላይ የረገጠውን ፍግ ሌላው በጫማውና በጎማው ይዞት ይሄዳል። ያ አይሱዙ አንተ ጋ ሳይደርስ ማንን ጭኖ ነበር? ታጥቧል? እኛ ጋ መኪናው ከታጠበ በኋላ በ71 ዲግሪ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ይጋገራል፣ ያ ከሌለ በ20 ዲግሪ አካባቢ ለሰባት ቀን ደርቆ ይቆማል። አንተ ማሞቂያ የለህም፣ ፀሐይና ጊዜ ግን አለህ። ችግሩ ክረምት ከሆነ ነው። ቫይረሱ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል፣ በቀዝቃዛ ፍግ ውስጥ ከ28 ቀን በላይ ሲቆይ ታይቷል። የጎጃምን ሐምሌ አውቀዋለሁ፣ ምንም አይደርቅም፣ ስለዚህ በክረምት በእጥፍ ተጠንቀቅ።

በረኪና ከመርጨትህ በፊት ፍጉን አንሳ፣ በኦሞ ፈትገህ እጠበው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በረኪናውን። ፍግ ላይ የተደፋ በረኪና ምንም አይሠራም። ጆንያዎቹንም አስብባቸው፣ እዚህ ቫይረሱ ከውጭ አገር የገባበትን መንገድ ሲመረምሩ በጣም ከጠረጠሯቸው ነገሮች አንዱ ተመላልሰው ጥቅም ላይ የዋሉ ትልልቅ የመኖ ከረጢቶች ናቸው። ፉርሽካና ፋጉሎ የምትገዛበት ጆንያ ከሌላ አሳማ ቤት የዞረ ከሆነ ወደ ግቢህ አታስገባው።

ደጀን

ይቅርታ ስለ አሳማ አላውቅም፣ ግን ኮሮና ስትሉ ደነገጥኩ። ይሄ ነገር ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ? የእሱ ልጆች እዚያ ግቢ ነው ያሉት፣ ከብቶችም ይኖሩታል። ጎረቤቶቹስ ቢሰሙ?

ዳሞት (የእንስሳት ሐኪም)

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ስማቸው ነው እንጂ የሚመሳሰለው፣ ኮቪድን ያመጣው ከሌላ ወገን ነው። ቲጂኢም ፒኢዲም ሰው አያሳምሙም። የዴልታው ዓይነት ግን ሃይቲ ውስጥ በሦስት ሕፃናት ላይ እንደተገኘ በ2021 ታትሟል፣ ከዚያ ውጭ በሰው ላይ የተዛመተበት ነገር የለም። ስለዚህ ልጆቹ ጉረኖው ውስጥ አይግቡ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ይሄ ለማንኛውም ተቅማጥ የሚደረግ ነው። ቲጂኢም ፒኢዲም ከብቶቹን አይዙም።

ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ የሞቱትን በሌሊት ቦይ ውስጥ መጣል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ የቆጋ ልጅ እንዲህ አደረገ ማለቴ አይደለም፣ ሲደረግ ግን አይቻለሁ። የቆጋ መስኖ ውሃ ስንት ሰው ማሳ ላይ እንደሚደርስ ይታወቃል። ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከቦይና ከወንዝ የራቀ፣ ኖራ ከላይ፣ ጅብና ውሻ የማያወጡት ይሁን። ለገበያ የደረሱትንም አሁን አታውጣ፣ ሥጋቸው ሰው አይጎዳም፣ ግን የሚጭናቸው መኪና ከአንተ ቤት ወጥቶ የማን ጉረኖ ደጃፍ እንደሚቆም አታውቅም። ቢያንስ የላቦራቶሪው ውጤት ይምጣ።

የቆጋ ልጅ

ወገኖቼ፣ ስምንት ቀን ጠፍቼ ነበር፣ ጊዜ አጥቼ ነው። ያለውን ልንገራችሁ።

በነጋታው ዓርብ አንድ የእንስሳት ሐኪም ከወረዳ ለምኜ አመጣሁ። ያኔ የሞተውን ግልገል ፊቴ ላይ ከፈተው። ጨጓራው በረጋ ወተት ተወጥሯል። ትንሹን አንጀት በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን ዞር አደረገልኝ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል፣ ስስ፣ ውስጡ ያለው ቢጫ ውሃ ከውጭ ይታያል፣ የጣቱ ጥላ በዚያ በኩል ይታየኝ ነበር። ዶክተር፣ ባና ብለው የነገሩኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ወተት ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል ያሉትንም በዓይኔ አየሁት። ናሙናውን በበረዶ አድርገን ባሕር ዳር አስገባን፣ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።

ከስምንቱ አምስቱ ተርፈዋል። ሦስቱ ዓርብ ዕለት ሄዱብኝ። እኔና የመጀመሪያ ልጄ በየተራ እየተነሳን በድስት ክዳን ኦአርኤስ አቀረብንላቸው፣ እህቴ ቢሾፍቱ ማዶ፣ በጡጦ አታታግላቸው ያልሽው ባይኖር ሌላም እጨርስ ነበር። አምስቱ ከስተዋል፣ ቆዳቸው ታጥፏል፣ ግን ሰገራቸው ጠጥሯል።

ትልልቆቹን አልሸጥኩም። አንዱ ሆቴል ደውሎ ተቆጣኝ፣ እውነቱን ነገርኩት፣ እስከሚጣራ ይጠብቀኛል አለ። የአይሱዙውን ሾፌር ጠየቅሁት፣ ከእኔ በፊት ከሁለት ቤት ሌላ አሳማ ጭኖ ነበር፣ በውሃ ብቻ ነው ያጠበው። ያስመጣሁባቸውንም ሰዎች ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እንዲያውቁት።

ያቺ ለብቻዋ የነበረችው ትናንት ሐሙስ ሌሊት ወለደች። 9 ናቸው። ባለቤቴ ናት ያዋለደቻት፣ እኔ አጥሩ ላይ ቆሜ ነበር የማየው። ሁሉም እንገሩን ጠብተው ጭዱ ውስጥ ተኝተዋል። እስካሁን ደረቅ ናቸው። ውጤቱ እንደመጣ እዚሁ እጽፋለሁ፣ ዶክተር፣ ያኔ ስለ ሁለቱ እናቶች ምን እንደማደርግ ይነግሩኛል።